ሰው ጭኖ የሚመለስ መርከብ

አባቴ አብረውን መኖር ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ሰመር ሲገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንኖርበት ከሾርላይን ይዣቸው ወደ ሲያትል ከተማ እወርድና ባሕሩ ዳር ካለው መናፈሻ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ከሰዓት በኋላ ነጫጭ የመንገደኛ መርከቦች ከወደቡ ሲወጡ ከዚያ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አላስካ።»

«ምን ጭነው?»

«ሰው።»

«ሰው ብቻ?»

«ሰው ብቻ፣ አባዬ። ለሽርሽር ነው።»

«እና እዚያ ያራግፉታል?»

«አያራግፉትም። አገሩን አሳይተውት ይመልሱታል።»

መርከቡ ከማዶ ካሉት ደሴቶች ጀርባ እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሰው ጭኖ ሄዶ፣ ያንኑ ሰው ጭኖ መመለስ! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው!»

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። እኛን ኮምቦልቻ አስቀምጠው ሃያ ዓመት ያህል ተሳቢ እየጎተቱ በአሰብ መንገድ ተመላልሰዋል። ለእሳቸው መርከብ ማለት ስንዴ፣ ማዳበሪያና ብረት ነው። ከሆዱ የሚወጣውን ጭነው ይመጣሉ እንጂ ሆዱን አይተውት አያውቁም።

ነገሩን በልቤ ያዝኩት፤ ግን ቶሎ አልተናገርኩም። በእኛ ቤት አብሮ መሄድ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። ባለቤቴ ኦበርን ከተማ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ሺፍቱ የሌሊት ነው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ቀን ቀን እሠራለሁ። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። አንዳንዴ መኪናውን ሳያጠፋ ይወርድልኝና እኔ እገባበታለሁ፤ ወንበሩ ገና የእሱን ሙቀት እንደያዘ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን በቤት ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ መራመድን የለመደችው አባቷ ቀን ስለሚተኛ ነው። ከአያቷ ጋር ደግሞ የሚያገናኛቸው ሰላምታ ብቻ ነበር። በአማርኛ ይጠይቋታል፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እሳቸው የመለሰችው ሳይገባቸው «ጎሽ» ይሏታል፤ በቃ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል።

አንድ ቀን ባለቤቴን ኩሽና ውስጥ ጫማውን ሲያስር ያዝኩት።

«ሁለታችንም አንድ ሳምንት ኦፍ እንውሰድ» አልኩት።

«ምን ልናደርግ?»

«መርከብ ላይ ልንወጣ። አባዬንም ይዘን።»

«ሰባት ቀን ሙሉ መርከብ ላይ ምን ይሠራል?»

«ምንም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምንም» የምትለዋ ቃል እንዳስፈራችው ገባኝ። ቢሆንም በሳምንቱ ኮል አደረገልኝና «ኦኬ፣ ፈቅደውልኛል» አለኝ፤ እኔም ሳልውል ሳላድር ቡክ አደረግኩ። ልጄ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ዋይፋይ አለው ወይ? የእኛ ትኬት ውስጥ እንደሌለበት ስነግራት ማልቀስ የቀራት ይመስል ነበር። አባቴ በበኩላቸው «እኔ ምን ልሆን እሄዳለሁ? ቤት እጠብቃለሁ» ሲሉ ከርመው፣ ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ሻንጣቸውን ዘግተው በር ሥር አቆሙት። ግሪን ካርዳቸውን በሸሚዛቸው የደረት ኪስ፣ ሚጥሚጣ የሞላች ትንሽ ጠርሙስ ደግሞ በኮታቸው ኪስ አደረጉ።

ወደ መርከቡ በሚያስገባው መሸጋገሪያ ላይ ስንራመድ አባቴ ከኋላ ቀሩብኝ። ዞር ብዬ ሳይ በሩ አጠገብ ቆመው የመርከቡን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ድሮ ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት ጎማ እንደሚመቱት። የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ቆመ። «ብረት ነው» አሉኝ ሲደርሱብኝ፤ ሌላ ነገር የጠበቁ ይመስል።

ለአራታችን የተሰጠን አንድ ክፍል ነው። ሁለት አልጋ ከታች፣ ሁለት አልጋ ደግሞ ከግድግዳው ተዘርግተው ከላይ የሚወርዱ። ልጄ መሰላል ወጥታ ከላይ ሆነች፤ እኔም በሌላኛው በኩል ከላይ ሆንኩ። ባለቤቴ ከታች ጋደም እንዳለ መርከቡ ከወደቡ ሳይነሳ እንቅልፍ ወሰደው። እራት አልበላም። በማግስቱ ቁርስም አልበላም። ልቀሰቅሰው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አባቴ ያዙኝ። «ተዪው» አሉ። «የሹፌር እንቅልፍ ነው፤ ሲጠራቀም የኖረ።»

ያን ቀን የዋልነው ባሕር ላይ ብቻ ነው። በግራና በቀኝ ከሚታየው የብስ መሐል ወጥተን ሰፊው ውቅያኖስ ውስጥ ስንገባ መርከቡ ቀስ ብሎ ከጎን ወደ ጎን ዘንበል ዘንበል ይል ጀመር። ኃይለኛ ማዕበል አልነበረም፤ ለእኔ ግን በቂ ነበር። ልጄም እኔም ፊታችን አመድ መስሎ አልጋችን ላይ ቀረን። ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት አይታን አረንጓዴ ፖምና የዝንጅብል ከረሜላ አመጣችልን። ፖሙን ቀስ እያልኩ ስገምጥ ሆዴ መለስ አለልኝ፤ ያኔ ነው የአባቴ አልጋ ባዶ መሆኑን ያየሁት።

ግድግዳ እየደገፍኩ ወጣሁ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ መርከቡ ደግሞ ከሰፈራችን ይበልጣል። ምግብ አዳራሹን አየሁ፣ የሉም። መዋኛው ዙሪያ የሉም። ውጭ ያለውን ንፋሳም መተላለፊያ ሁሉ ዞርኩት። ለሠራተኞቹ ልናገር ስወርድ በአንድ ጥግ መጻሕፍትና የመጫወቻ ሣጥኖች የተደረደሩበት ትንሽ ክፍል አየሁ። አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የዳማ ገበታ አለ። ብቻቸውን ለሁለት ሰው ይጫወታሉ፤ በቀዩ አንድ ያስኬዱና ገበታውን አዙረው በጥቁሩ ያስቡበታል።

«አባዬ! ጠፉብኝ እኮ!»

«የት ልጠፋ?» አሉ ዓይናቸውን ከገበታው ሳያነሱ። «ዙሪያው ውሃ ነው።»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ሱሪያቸውን በትከሻ ማንገቻ የያዙ አንድ ነጭ ሽማግሌ መጡና ጠረጴዛችን ላይ ጎንበስ አሉ። ጆሮአቸው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ አለ። ያኪማ አካባቢ ፖም ሲያለሙ የኖሩ ገበሬ መሆናቸውን ኋላ ነው የነገሩን። በጣታቸው ገበታውን፣ ከዚያ ራሳቸውን አመለከቱ። አባቴ በእጃቸው ወንበሩን አሳዩአቸው። ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ጠጠሩን ደረደሩ።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ሰላም ነበር። ከዚያ የአባቴ አንዱ ጠጠር መጨረሻው መስመር ደረሰ። «ነገሠ!» ብለው በላዩ ሌላ ጠጠር ደረቡበት። ተራቸው ዳግም ሲደርስ ንጉሡን አንስተው ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ በሰያፍ ነዱትና በመንገዱ ያገኙትን የሽማግሌውን ጠጠር በሉ።

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን አነሱ። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ!» ንጉሡን ወደ ነበረበት መለሱና አንድ ቤት ብቻ አስኬዱት።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ነካቸው?»

እኔ ዳማ አልችልም። ወጥቼ ልጄን ከአልጋዋ አወረድኳት። «አያትሽ ከሰው ጋር ሊጣሉ ነው፤ ነዪ አስታርቂ» አልኳት። ቢጃማዋን ሳትቀይር፣ በግማሽ የተበላ ፖሟን ይዛ ተከተለችኝ።

እንዲህ ሆኖ ልጄ በሁለት ሽማግሌዎች መሐል ቆመች። በአንድ በኩል ጆሮ የሚከብዳቸው፣ በሌላ በኩል እንግሊዝኛ የማይሰሙ። ለአንዱ በእንግሊዝኛ ትጮኻለች፣ ለሌላው በአማርኛ ትንተባተባለች።

«አባባ፣ እሱ... እሳቸው፣ ንጉሥ አንድ ብቻ ይሄዳል ይላል። አንድ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ።»

«አንድ ቤት?» አሉ አባቴ። «አንድ ቤት ብቻ የሚሄድማ ንጉሥ ሳይሆን ዘበኛ ነው በያቸው! ንጉሥ ከሆነ አገሩን ዳር እስከ ዳር ይረግጣል።»

«ማሚ፣ ይረግጣል ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ዘበኛ ምን እንደሆነም ነገርኳት። ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና መለሱ፤ እሷም ለአያቷ መለሰች። «ሰማንያ ዓመት እንደዚህ ተጫውቻለሁ ይላል። ንጉሥም ሲያረጅ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው ይላል።»

አባቴ ሳቁን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። «እሺ» አሉ። «አንዱን በእሳቸው ሕግ፣ አንዱን በእኛ ሕግ። ትስማማለህ በያቸው... አይ፣ ይስማማሉ በያቸው። አንቱ ነው የሚባሉት።»

«አባባ፣ በእንግሊዝኛ አንቱ የለም።»

«የለም?» አባቴ ለሽማግሌው ያዘኑላቸው መሰለኝ። «እንኪያስ በድምፅሽ አክብሪያቸው።»

ልጄ በድምፅዋ አከበረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ተነስታ አልሄደችም። እኔ ክፍላችን ተመልሼ ስተኛ እሷ እዚያው ቀረች፤ ለምሳ ስፈልጋቸው ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሽማግሌው የአባቴን ሚጥሚጣ እንቁላል ላይ ነስንሰው ፊታቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸው እያነባ፣ አሁንም ጨምሩልኝ እያሉ ነው።

ባለቤቴ የነቃው በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻዬን ባሕር ሳይ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጉንጩ ላይ የትራሱ መስመር አለ። ቀን ነው ወይስ ማታ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሁልጊዜ ሲነቃ የሚጠይቀው እሱን ነበር።

«ምን አመለጠኝ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ደስ ይላል» አለ፤ እጄን ያዘና መርከቡን መዞር ጀመርን። ውጭ ባለው መተላለፊያ አራት ጊዜ ዞርን። ባለቤቴ ወሬኛ ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር። ስንጋባ የወደድኩት በወሬው ነው። ስለ ሥራ ጓደኞቹ፣ መጋዘኑ ጣሪያ ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ወፍ፣ ልጅ ሆኖ ሐይቅ ውስጥ ሊሰምጥ ስለደረሰበት ቀን እያወራ ንፋሱ ግማሹን ይወስድብኛል። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ እንግባ ግን አላልኩም።

ቀጥሎ ባሉት ቀናት መርከቡ በትናንሽ ከተሞች ቆመ፣ እኛም ወርደን ዝናብ መትቶን ተመለስን። አንድ ትልቅ የበረዶ ግግር ጋ የደረስን ቀን አባቴ ብርድ ልብስ ተከናንበው ፊት ለፊት ቆሙ። ሰማያዊ በረዶ ከተራራው እስከ ባሕሩ ወርዶ ቆሟል። አንድ ቁራጭ ተሰብሮ ሲወድቅ መጀመሪያ አየነው፣ ድምፁ ኋላ መጣ። አባቴ አማተቡ። የቀረው መንገደኛ ፎቶ ሲያነሳ እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቁም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ያለ እኛ እንዲህ ሲሆን ኖሯል» አሉ በመጨረሻ፤ ከዚያ ሻይ ፈለጉ።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ሌላኛውን የባሕር ቀን ነው፣ ወደ ቤት ስንመለስ የዋልነውን። ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ፀሐይ ወጥታ፣ አራታችንም ውጭ በተደረደሩት ረጃጅም ወንበሮች ላይ ተጋድመናል። የሚሄድበት ቦታ ያለው ሰው የለም። ባለቤቴ መጽሐፍ ሆዱ ላይ ደፍቶ ሰማዩን ያያል። ልጄ ስልኳን ክፍል ውስጥ ረስታዋለች፤ ወይም ትታዋለች፣ አልጠየቅኳትም። የያኪማው ሽማግሌ ገበታውን ተሸክመው መጡ።

በዚያ ጊዜ ልጄም ተጫዋች ሆናለች። ሽማግሌውን በራሳቸው ሕግ ስታሸንፋቸው ተነስተው እጇን ጨበጡ። ከአያቷ ጋር ስትገጥም ግን አላዘኑላትም፤ በስምንት ደቂቃ ጠራርገው በሏት።

ሽማግሌው ሳቁና አንድ ነገር ጠየቁ። ልጄ ወደ አያቷ ዞረች። «አባባ፣ የት ነው የተማርከው ይላል... የተማሩት።»

«አሰብ» አሉ አባቴ። «ንገሪያቸው። አንድ ጊዜ መርከቡ ሳይራገፍ ቆይቶ አሥራ አንድ ቀን ወረፋ ጠበቅን። ሙቀቱ ሌላ ነው። ቀን ቀን ከመኪናችን ሥር ተኝተን በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። አንድ የመርከብ ሠራተኛ ከሥራው ሲወጣ አይቶን መጣና ከእኔ ጋር ተጫወተ። የምን አገር ሰው እንደሆነ እንጃ። ሦስት ጊዜ አሸነፍኩት። አልተቀየመም፤ በእጁ እየጠራ መርከቡን ላሳይህ፣ ና ውጣ አለኝ። ደረጃው ሥር ድረስ ሄድኩ።»

ልጄ እያቋረጠች ተረጎመች። «ቆርኪ» የሚለው ቃል ላይ ተሰናክላ የሽማግሌውን የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን አንስታ አሳየቻቸው።

«ከዚያስ ይላል።»

«ከዚያማ ተመለስኩ።»

«ለምን?»

«ይዞኝ ቢሄድስ?» አሉ አባቴ። «ሚስቴ ኮምቦልቻ ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል።»

ልጄ ለመተርጎም አፏን ከፍታ ቆመች። የአያቷን ልጆች እየቆጠረች ጣቶቿን ስታጥፍ አየኋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ማሚ፣ ዛት ኢዝ ዩ!»

እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ልጃቸው እኔ ነኝ። የአባቴን የመንገድ ታሪክ ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የተቃጠለውን ጎማ፣ በረሃ ላይ ያደሩበትን፣ ድልድዩ ላይ የተንጠለጠለውን ተሳቢ። ይሄኛውን ግን ሰምቼው አላውቅም። ምናልባት ጠይቆአቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው በእጃቸው እኔን ጠቁመው፣ ቀጥለው መርከቡን በሙሉ በእጃቸው ከበው አሳዩና ለልጄ አንድ ነገር አሏት።

«ታዲያ እሷ ራሷ አመጣችህ ይላል» አለች ልጄ። ቆይታ አረመችው። «አመጣችዎት።»

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉኝና ጠጠሩን እንደገና መደርደር ጀመሩ። እኔም ዓይኔ ያቀረረውን እንባ ንፋሱ ላይ አላከክሁት፤ ባለቤቴ አውቆብኛል፣ ሹራቡን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።

በመጨረሻው ጠዋት ሲያትል ላይ ስንወርድ ሽማግሌው ሻንጣቸውን እየጎተቱ አባቴን ሊሰናበቱ መጡ። ሁለቱም ረጅም ነገር ተናገሩ፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በአማርኛ። ልጄ ልትተረጉም ጀመረችና ተወችው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ሽማግሌው ስንት ጊዜ እንደሚደገም ስላላወቁ አንድ ተጨማሪ ሰጡ።

ቤት ስንገባ ወለሉ ገና የሚንሳፈፍ ይመስለን ነበር። ልጄ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዛ ስትሄድ አባቷ ሳቀባት፣ ጥቂት ቆይቶ እሱም የበሩን መቃን ጨበጠ። በሚቀጥለው ሰኞ ባለቤቴም እኔም ወደየሥራችን ተመለስን። ባለቤቴ ግን ሥራ በገባ በሁለተኛው ቀን አለቃውን ሄዶ የቀን ሺፍት ጠየቀ። ቦታ የለም አሉት። ደግሞ ጠየቀ። በጥቅምት አካባቢ አንድ ሰው ሲለቅ ሰጡት። አሁን ወደ ኦበርን የሚሄደው ጠዋት ከእኔ ጋር እኩል ተነስቶ ነው፤ መንገዱ ተጨናንቆ እንደሚያማርረው ማታ ማታ ይነግረኛል፤ እኔም ድስቱን እያማሰልኩ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።